«እኔ ልቅደም» ይሉ የነበሩት ኃላፊ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቶ ይመር ሐይቅ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ሞቱ። ሰዓቱን የነገሩኝ አጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። የገደላቸው ለሁለት ዓመት ሲታከሙበት የቆዩት የኩላሊት ሕመም ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ደወለልኝ። ቀብሩ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ብዙም ሳይቆይ የምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ አለቃዬ ደወለ። እሱ የፈለገው ሁለት ደቂቃ የሚሆን ዜና ነበር።

«አርአያ መሪ የምትለዋን እንዳትረሳ» አለኝ። «ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያ ነው። እንዲያውቃቸው ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ እየተመላለስኩ ለዘጠኝ ዓመት ስለ እርሳቸው ዘግቤያለሁ። የዜናዎቹን ቅጂ አውጥቼ ስቆጥር ሃያ ሦስት ሆኑ። በሃያ ሦስቱም ውስጥ አቶ ይመር አንድ ነገር ከሌላው ሰው ቀድመው ያደርጋሉ። ቀድመው ይቆፍራሉ፤ ቀድመው ይተክላሉ፤ ቀድመው ይሸከማሉ። «እኔ ልቅደም!» የሚለው ቃል ከአፋቸው ስለማይጠፋ የገበያው ሰው «አቶ ልቅደም» ይላቸው ነበር። ይህን ቅጽል ስም እርሳቸውም ያውቁት ነበር። ይወዱትም ነበር።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ነበሩ። የሸሚዛቸው እጅጌ ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው የተጠቀለለ ነው፤ በብርድም፣ በስብሰባም፣ በሰርግም። ሐይቅ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ እጅጌው እንዳይወርድ በክር የሚይዝላቸው እሱ ነው። «ስድስት ሸሚዝ እንደዚያ ሰፍቼላቸዋለሁ» ብሎኛል። እኔም ሁለቱን አይቻለሁ። የሥራ ሰው መምሰል ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

የሚመሩት የገጠር ሥራዎችን የሚከታተል አንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። በተሾሙ በመጀመሪያው ሳምንት አናጺ ጠርተው የቢሯቸውን በር አስነቀሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በእኔና በሕዝቡ መካከል እንጨት አይቆምም» አሉ። ሦስት ጋዜጠኞች ነበርን፤ ሦስታችንም ዘገብነው። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ለልዩ ልዩ ጉዳይ ሰባት ጊዜ ሄድኩ። በር የሌለው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በስተጀርባ ባለው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እሱ በር አለው፤ በሩም ከውስጥ ይቀረቀራል። ጠረጴዛቸው ምን እንደነበር ስገባ አየሁ። ያ የተነቀለው በር በሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ ነው።

አንድ ቀን ከአምባሰል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ባዶው ቢሮ ፊት ቆመው ከጥበቃው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«በሩ የታለ?»

«ኃላፊው አስነቅለውታል፣ አባባ። ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ብለው ነው።»

«ኃላፊውስ?»

«የሉም።»

«በሩን ይዘውት ሄዱ እንዴ?»

ጥበቃው ለመሳቅ ግራና ቀኝ ካየ በኋላ ነው የሳቀው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አሥር ደቂቃ አርፍደው መጡ። ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስበው «ሕግ ከእኔ ይጀምራል» አሉና አሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ፎቶ ተነሳ። በማግስቱ ያረፈደ ሁሉ ባረፈደበት ልክ ፀሐይ ላይ እንዲቆም የሚያዝ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሚኒባስ አጥታ ከሐይቁ ማዶ በእግሯ መጥታ ኖሮ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመች። እርሳቸው ግን ዳግመኛ አላረፈዱም። የመግቢያ ሰዓት ፊርማው ለኃላፊዎች እንዲቀር በዚያው ሳምንት ወስነው ነበር።

በእርከን ሥራ ዘመቻ ላይ የመጀመሪያውን ዶማ የሚያሳርፉት እርሳቸው ናቸው። በአምባሰል ተራራ ግርጌ ያለው መሬት ከጥር በኋላ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዶማ ይመልሳል። የእርሳቸው ዶማ ግን እስከ እጀታው ይገባል። አንድ የልማት ሠራተኛ በኋላ እንደነገረኝ፣ የሚቆፍሩባት ቦታ በዋዜማው አምስት ጀሪካን ውሃ ይደፋባት ነበር። ገበሬዎቹ ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። አንዱ ጎረቤቱን «አፈሩም ባለሥልጣን ያውቃል፤ አየህ እንዴት እንደተንበረከከላቸው?» ሲለው ሰምቻለሁ። ከዚያ ግን ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም «ኃላፊው ቀድመው በመቆፈር አርአያነታቸውን አሳዩ» ብዬ ላክሁ።

ለፍትሕ ያህል ይህን ልጨምር። ሌባ አልነበሩም። ለሁለት ዓመት አጣርቻለሁ፤ ምንም አላገኘሁም። የሰው ስም አይረሱም፤ አንዲት ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ብትመጣ የልጆቿን ስም እየጠሩ ይጠይቋታል። ሐሰተኛ ሰው ነበሩ ማለትም አይበቃም። ያሳዩትን ነገር እንዳደረጉት ከልባቸው ያምኑ ነበር። ሐሰተኛ ሰው ቢያንስ የሚደብቀውን ያውቃል።

ከእርሳቸው በኋላ በሌሎች ቢሮዎች የተሾሙ አራት ወጣት ኃላፊዎችም እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ከእርሳቸው የተማሩት ይህን ነው።

አሁን ወደ ላይ ጨፌ ልሂድ፤ በሁለት ደቂቃ ዜና ውስጥ የማይገባው እሱ ነው።

ላይ ጨፌ ከውጫሌ መንገድ ተገንጥሎ ወደ አምባሰል ገደል በኩል የሚወጣ መንደር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በበልግ ወራት፣ ሌላ ቅርብ ምንጭ በሲሚንቶ ታጥሮ፣ ቧንቧ ተዘርግቶ መንደሩ መሐል ቦኖ ተተከለ። የቦኖው ቁልፍ ያዥ ሆና የተመረጠችው ዘይነባ ነበረች።

ዘይነባ ጅዳ ሰባት ዓመት ምግብ አብሳይ ሆና ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። አባቷ ሸህ ሙሄ የመንደሩ ታላቅ ሰው ነበሩ፤ ሙስሊሙን ብቻ ሳይሆን ክርስቲያኑንም የሚያስታርቁት እርሳቸው ነበሩ። የበልጉ ዝናብ እንደጀመረ ዘይነባ ወደ ምንጩ ወጥታ ምንጩ የታጠረበትን የሲሚንቶ ሣጥን አየች። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ከበላዩ ከብት የሚያርፍበት ሜዳ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ በስንጥቁ ይገባል። ውሃውን ብታሸተው በረት በረት ይላል። ከአካባቢው የጤና ባለሙያ ጋር ሆና በጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ ወደ ደሴ አስላከችና ቦኖውን ቆለፈች። ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

ምረቃው ሐሙስ ነበር። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ድንኳን ተተክሏል። አቶ ይመር ቦኖው ተቆልፎ ሲያገኙት ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ያያል።

«እህቴ ዘይነባ፣ ቁልፉን አምጪያ።»

«ወረቀቱ ይምጣና፣ ጋሽ ይመር።»

«የምን ወረቀት?»

«ደሴ የሄደው ነዋ። በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት። ንጹሕ ነው ይበሉኝና እኔው እከፍታለሁ።»

«ወረቀት አልመጣም። ወረቀት እስኪመጣ ሕዝቡ ይጠማ?»

«ሕዝቡማ ሲጠማ ኖሯል፣ ወላሂ። አንድ ሳምንት ቢጨመርበት አይሞትም።»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «የላስቲክ ውሃ ለምዳ እኮ ነው! ጅዳ የኖረ አፍንጫ የጨፌ ውሃ ይሸተዋል!» ብሎ ጮኸ።

«ለምጃለሁ» አለች ዘይነባ ሳትዞር። «የማገለግላት ሴትዮ ሳታሸት ውሃ ኸአፏ አታደርስም ነበር። አንተ ደግሞ የከብት ሽንት ለምደሃል፣ አልሐምዱሊላህ በል።»

አሁን ሳቁ በጎልማሳው ላይ ሆነ። አቶ ይመር አልሳቁም። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። እጃቸውን አነሱ።

«እኔ ልቅደም!» አሉ። «ውሃው የሚጎዳ ከሆነ እኔን ይጉዳ። ቀምሼ ላቅምሳችሁ።»

በዚያ አገር ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ጠላ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ሙስሊሙ ቤትም ቅሪቦ የሚባለው የማያሰክር መጠጥ ሲቀርብ እንዲሁ ነው። ያልቀመሰ አሳላፊ አያሳልፍም፤ የቀመሰውን ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። የቀመሰን ሰው መጠርጠር ቤቱን መስደብ ነው። አቶ ይመር የዚያ አገር ልጅ ናቸው። የሚሉትን ያውቁታል።

ሸህ ሙሄ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ስጪ። ቀምሶ የሚያቀምስ ሰው አይጠረጠርም፤ ነውር ነው።»

የመንደሩ ቄስም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ ሸህ ሙሄ። የቀመሰ ምሏል።»

ዘይነባ አባቷን አየቻቸው። «አባቴ፣ ወረቀቱ እኮ ነው ያልኩት።»

«ወረቀት ሰው አይበልጥም።»

«እንግዲህ አንቱ ካሉ ይሁን» አለችና መቀነቷን ፈታች።

የዚያን ዕለት ማስታወሻዬ አሁንም አለ። እንዲህ ይላል፦ «አራት ሰዓት ከሃያ። ቧንቧ ተከፈተ። በቀኝ መዳፍ ተቀበሉ፣ ወደ አፍ አስጠጉ። በመሐረብ አፋቸውን ጠረጉ። ከሾፌሩ ሰማያዊ ኩባያ ተቀበሉ፣ ጨልጠው ጠጡ። እልልታ።» በዚያው ምሽት የተላለፈው ዜና ግን «ኃላፊው ከአዲሱ ቦኖ በኩባያ ቀድተው በመጠጣት የሕዝቡን ስጋት አስወገዱ» ይላል። ኩባያው ከቦኖው ሲቀዳ አላየሁም። አይቻለሁ ብዬም በማስታወሻዬ አልጻፍኩም። በዜናው ውስጥ ግን ቀድተው ብያለሁ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ሸህ ሙሄ ጠጡ። ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ ሁሉም። ዘይነባ መጨረሻ ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ «አፌ ውስጥ ይዤው ቆምኩ። ልተፋው ስል አባቴ ያዩኛል። ዋጥኩት።»

በአራተኛው ቀን ሰው መታመም ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን ቦኖው ተዘጋ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሸህ ሙሄ ሞቱ። ጤና ጣቢያው ካርዳቸው ላይ የጻፈው «ተቅማጥና ትውከት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማጣት» የሚል ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነበር። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ከዚህ በላይም አልጻፍኩም።

ለለቅሶ የቀደሙት አቶ ይመር ናቸው። ከውጫሌ የሚመጡ ዘመዶች ሳይደርሱ እርሳቸው ደረሱ። ምንጣፍ ሲዘረጋላቸው አልፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ፤ እንባቸው እውነተኛ ነበር፤ በቅርብ ሆኜ አይቻለሁ። «እንዲህ ያለ ሰው ይሹምልን» እያሉ የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሁለተኛ ናሙና ተመርምሮ ውሃው መበከሉ ተረጋግጧል። የመጀመሪያው ወረቀትስ? አቶ ይመር ተነሱና «አልደረሰንም» አሉ። «ደርሶን ቢሆን እኔ ቀድሜ እጠጣው ነበር?»

ራሱን የሚመርዝ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ጥፋቱ እንግዲህ ምንጩን ማጽዳት የነበረበት ሰው ሆነ፤ ያም ሰው ቁልፍ ያዥዋ ሆነች።

ያን ዕለት ያደረጉትን የመሰለ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም። «ቅጣት ከእኔ ይጀምራል» ብለው ለራሳቸው የጻፉትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አነበቡ። ቅጂው እጄ ላይ አለ። ከላይ «ለአቶ ይመር» ይላል፤ ከታች «አቶ ይመር» ይላል። ሰጪ ብለው ፈረሙ፤ ተቀባይ ብለውም ፈረሙ። ሰው እየቆመ አጨበጨበ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ «በዚሁ መሠረት ወይዘሮ ዘይነባ ከኃላፊነት ተነስታለች» አሉ። ይህቺኛዋ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ሰው አልተሰማችም። ለዘይነባ ተሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ሰዉ እንደ ድሮው ሩቅ ምንጭ ወረደ። ዘይነባ ስትመጣ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አንድ ቀን ከአንዷ አፍ «አባቷን ያጠጣች» የሚል ቃል ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ቀድተው ሲመለሱ ጠብቃ ነበር የምትሄደው። ሰርግ አልጠሯትም፤ ወላድ ጥየቃ ስትሄድ ለአራሷ ውሃ ከእሷ እጅ አይቀበሉም። ውጫሌ ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ያቺ ወረቀት፣ ኸመጠጣታችን በፊት መጥታ ነበር ወይስ አልመጣችም? ሌላ አልጠይቅህም።»

«እስካሁን አላረጋገጥኩም።»

«አብሽር፣ አይዞህ። እስክታረጋግጥ አለሁ።»

ደሴ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። የመረመሩት ሰዎች ውጤቱን ከምረቃው በፊት ባለው ሰኞ እንደላኩ ነገሩኝ፤ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት ግን አልነበራቸውም። በስምንተኛው ወር የአቶ ይመርን ሾፌር አገኘሁ። ጡረታ ወጥቶ ነበር። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፤ አልጠራም።

«ኩባያው ኸቦኖው አልተቀዳም» አለኝ። «ኸመኪና ውስጥ ኸላስቲክ ውሃ ነው የቀዳሁት። "ሆዴን ስላመመኝ የኔን ከዚህ ቅዳልኝ" አሉኝ ጠዋት። እኔ ምን አውቃለሁ? ሆዳቸውን አሟቸው ይሆናል።»

«በመዳፋቸው የቀመሱትስ?»

«መሐረባቸውን እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር» አለና ሌላ ወሬ ጀመረ።

አንድ ምንጭ፣ ያውም ስሙ የማይጠራ፣ ለዜና አይበቃም። አለቃዬ አልተቀበለውም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም ነበር። ስለዚህ ወደ ራሳቸው ሄድኩ። በበርሜል ላይ በተጋደመው በር ማዶ ተቀምጠው ነበር።

«ሰማያዊው ኩባያ ውስጥ የነበረው ውሃ ከየት ተቀዳ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ፈገግ አሉ። «አንተ አልነበርክም እንዴ? ምን ብለህ ዘገብክ?»

«ከቦኖው ብዬ።»

«ታዲያ ዘጋቢው አንተ፣ ምስክሩ አንተ። እኔን ምን ትለኛለህ?»

«ከደሴ የተላከው ውጤት ከሐሙስ በፊት ደርሶዎት ነበር?»

«አልደረሰኝም። በስብሰባ ተናግሬያለሁ።»

«የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ማየት እችላለሁ?»

«እሱ የቢሮ ሰነድ ነው።»

ስነሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ያን ቀን ሰዉ ፈርቶ ነበር። እንግዶች ቆመዋል። እኔ ባልቀድም ማን ይጠጣ ነበር?»

ይህን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ለራሳቸው ጥሩ የተናገሩ መስሏቸው ነበር።

መዝገቡን ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅኩ። ሦስቱም ጊዜ «ኃላፊው ይፍቀዱ» ተባልኩ። አቶ ይመር በዚያው ዓመት የምስጉን መሪ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። የምስክር ወረቀቱን ዜና አልሠራሁም፤ ሌላ ሰው ሠራው። ሲታመሙም ቢሮውን አልለቀቁም፤ ደብዳቤዎች ቤታቸው ድረስ ይሄዱላቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሄድኩት ለሕይወት ታሪኩ የተሾሙበትን ቀን ለማረጋገጥ ነው። ግቢው ባዶ ነበር። መዝገብ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች፤ እግሯ አብጦ ቀብር መሄድ አልቻለችም።

«የሹመታቸውን ቀን ነው? አሮጌዎቹ መዝገቦች እዚያ ናቸው፤ ራስህ አውርዳቸው» አለችኝ።

«ፈቃድ አያስፈልግም?»

«ከማን? ፈቃጁን ልንቀብር አይደለም እንዴ?»

ሦስት ትላልቅ መዝገቦች አወረድኩ። የሹመቱን ቀን በመጀመሪያው አገኘሁ። ሦስተኛውን የከፈትኩት ለሕይወት ታሪኩ አልነበረም። ፈልጌ ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ ዕለቱ ረቡዕ፣ የምረቃው ዋዜማ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጉዳዩ፦ የላይ ጨፌ ምንጭ ናሙና ውጤት። የተመራው፦ ለኃላፊው። በመጨረሻው ዓምድ የተቀባይ ፊርማ አለ። ለራሳቸው ከጻፉት ማስጠንቀቂያ ላይ ካሉት ሁለት ፊርማዎች ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ነው። ሴትዮዋንም ጠየቅኳት። መነጽሯን አድርጋ አየችውና «የእርሳቸው ነው፤ ራሳቸው ናቸው የተቀበሉኝ» አለች። መዝገቡን የጻፈችው እሷ ነበረች። እስከዛሬ ግን ማንም አልጠየቃትም። ደብዳቤውን በፋይሉ ውስጥ ፈለግነው፤ የለም። መስመሩን ፎቶ አነሳሁት።

የሕይወት ታሪኩን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ የተሾሙበት፣ የታመሙበት፣ የሞቱበት። ለባለቤታቸው አስረከብኩ። «በጣም አጠረ» አሉኝ። «ያረጋገጥኩት ይህን ያህል ነው፣ እሜቴ» አልኳቸው። ባሏን ለምትቀብር ሴት ስድስተኛውን፣ የመዝገቡን፣ ማንበብ አልፈለግኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ከፊት የተሸከሙት እጅጌያቸውን የጠቀለሉት አራቱ ኃላፊዎች ናቸው። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ከተነበቡ በኋላ ከአራቱ አንዱ ወረቀት ሳይዝ ቀጠለ። «በላይ ጨፌ ከሕዝባቸው በፊት ውሃ ቀምሰው ያጠጡ፣ ራሳቸውን ያስቀደሙ መሪ ነበሩ» አለ። ሰው አለቀሰ። አንዲት ሴት «እኔ ልቅደም እንዳሉ ቀደሙን!» ብላ ደረቷን መታች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ለዘይነባ ደወልኩ። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«ቀበራችሁት?» አለችኝ።

«ተቀብረዋል። ዘይነባ፣ ወረቀቷ መጥታ ነበር።»

«ቆይ» አለች። «ምንጩ ጋ ነኝ፤ ዛሬ አላህ ሲለው ሴቶቹ አልሄዱም። ድምፁን ከፍ ላድርገው። አሁን አንብብ። ቀስ ብለህ አንብብ።»

አነበብኩ። ዕለቱን፣ ሰዓቱን፣ ጉዳዩን፣ የተመራለትን።

«ቀኑን ድገመው።»

«ረቡዕ።»

«እኛ የጠጣነው?»

«ሐሙስ።»

የሌላ ሴት ድምፅ «ኸመጠጣታችን በፊት ነዋ!» አለ። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ይሰማ» አለቻት።

«ፊርማው የማን ነው?» አለች ዘይነባ።

«የአቶ ይመር። የተቀበሉበትን መዝገብ የጻፈችው ሴትም አረጋግጣልኛለች።»

«እንደገና አንብበው። ኸመጀመሪያው።»

እንደገና አነበብኩ። ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩ። ከዚያ በኋላም ስልኩ አልተዘጋም። ጀሪካን ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ ጀሪካን፤ የሚርቅ ኮቴ ግን አልሰማሁም።

ጥሪው ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ቆየ።